ከሰልፉ ጫፍ የተተወ ቦታ

ለልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? መድኃኒት ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል እግርሽን እንደሚያሳብጠው አውቃለሁና ስትገቢ ትራስ ላይ ከፍ አድርጊው። እኔን ከጠየቅሽ «ደህና ነኝ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ከዚያ ሰረዝኩት። ስርዙ ይታይሻል። ወረቀቱን መቀየር አልፈለግሁም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የስፌት መኪናዬም ይሠራል። ሌላውን ስታነቢ ትደርሺበታለሽ።

ብደውልልሽ አታነሺም። ብታነሺም በስልክ ነገር አይሆንልኝም፤ አንቺ ትቀድሚኛለሽ፣ እኔ እተወዋለሁ። ወረቀት ላይ የሚያቋርጠኝ የለም። ጽሕፈቴ ቀርፋፋ ነው፤ ይህቺን ታህል ለመጻፍ እንኳን ሻዬ ቀዝቅዟል። የተሳሳተ ፊደል ካገኘሽ እለፊው።

ወሬው የደረሰኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የተማሪዎች ዩኒፎርም ይዤ የቀሚስ ጠርዝ እያጠፍኩ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የሎጋው እናት ቆማለች።

የእሱን ስም እዚህ አልጽፍም። ወንድምሽ በሕይወት ሳለ «ሎጋው» እያለ ነበር የሚጠራው፣ አብረው ከሚሠሩበት ብየዳ ቤት ጣራ ጋር በቁመቱ ስለሚጋጭ። እኔም እንደዚያው ልጥራው። ወንድምሽን የገደለውን ሰው ወንድምሽ ባወጣለት ስም መጥራቴ ይገርምሽ ይሆናል፤ እኔንም ይገርመኛል።

እናቱ ቤቴ መጥታ አታውቅም። የምንገናኘው ዓርብ ዓርብ፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሰልፉ ላይ ብቻ ነበር። በእጇ ፌስታል ይዛለች። ግቢ አልኳት። አልገባችም። ደጃፉ ላይ እንደቆመች «ጨረሱት» አለችኝ። ማንን ብዬ አልጠየቅኋትም። እስር ቤቱ በማለዳ ጠርቷት ነው፤ ልብሱን ውሰጂ ብለዋት። ቀድሞ የነገራት የለም። እህት አላት፣ ወንድም አላት፣ የነፍስ አባት የምትለው ሽማግሌ አላት፤ ከሁሉ አስቀድማ የመጣችው ግን እኔ ጋ ነው። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቃት «አንቺ ይገባሻል ብዬ ነው» አለችኝ።

ክንዷን ይዤ አስገባኋት፤ ወንበር ሰጠኋት። አላለቀሰችም። የስፌት መኪናዬን መዘውር ትኩር ብላ ታየዋለች። ትንሽ ቆይታ «ሥራ አስፈታሁሽ፣ ቀጥዪ» አለችኝ። እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ? ቀጠልኩ። እሷ ተቀምጣ፣ ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እኔ እሰፋለሁ። የማደርገው ሌላ ነገር ጠፋኝ። በኋላ ሳየው ስፌቱ ሁሉ ጠማማ ነው፤ አንድ በአንድ ፈታሁት።

ልጄ፣ ይህን የምጽፍልሽ ደስ ይበልሽ ብዬ አይደለም። ይክፋሽ ብዬም አይደለም። ከፍርዱ በኋላ ከእኔ ርቀሽ ስለሄድሽ የሆነውን በሰው አፍ ነው የሰማሽው። ከእኔ እጅ አንብቢው።

ፍርዱ የተነበበ ቀን አጠገቤ ነበርሽ። ዳኛው «በሞት ይቀጣ» ሲሉ እጄን ጨበጥሽኝ። ጣቶቼን እስኪያመኝ። ከእርካታ ነው ብዬ ነበር። እጅሽ ግን በረዶ ነበር። ሎጋው ወደ እኛ አልዞረም። አረንጓዴ ሹራቡን ለብሶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የእጅጌውን ጫፍ በአውራ ጣቱ እያሻሸ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ አንቺ ሥራ አገኘሁ ብለሽ ሄድሽ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ጎረቤቶች መጡ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ ታውቂያታለሽ፣ ክፋት የሌለባት ሰው ናት፤ ሁለት እጄን ይዛ «እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ። እኔም «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አልኳት። አፌ የለመደውን ነው ያወጣው። ሰው ልጁን ሲድር፣ ቤት ሲመርቅ የሚባለውን። እሷ ከወጣች በኋላ ከወንድምሽ ፎቶ ፊት ለፊት ቁጭ አልኩ። ምኑ ነው ደስ ያለን? የማንን ድግስ ነው የበላነው? ያ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ውሃ ጠጣሁበት፣ ጸለይኩበት፣ አልወረደም።

እዚያ ሰልፍ መጀመሪያ የሄድኩት ግን ልሰድባቸው ነው። እወቂልኝ። ሰዎች ዓርብ ዓርብ ቆመው ሎጋው እንዳይገደል ይለምናሉ ብለው ሲነግሩኝ ደሜ ፈላ። ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አስሬ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የምላቸውን ስደረድር ነበር። የጠበቅሁት ጩኸትና ግርግር ነው። ስደርስ ጥቂት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ዝም ብለው ቆመዋል። አንዲት ወጣት ጠበቃ አለች፣ አንዲት ፀጉር ሠሪ ከነሽርጧ፣ አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር። ሹፌሩን ሰፈሩ «ፍሬን» ነው የሚለው፤ ነገር ሲጋጋል «ቀስ፣ ቀስ» ማለት ስለሚወድ። ከመሀላቸው አንዲት ሴት አንገቷን ደፍታለች፤ እናቱ እንደሆነች በቁመቷ አወቅኋት። ከፊታቸው ረጅም ነጭ ጨርቅ ዘርግተዋል፤ «በስማችን ሰው አይገደል» ይላል። የጨርቁን አንዱን ጫፍ ፍሬን ይዞታል። ሌላኛውን ጫፍ የያዘ ሰው የለም። እዚያ ጋ አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ ባዶ ትተዋል፤ ጨርቁ መሬት ላይ ይጎተታል።

ስድቤ ሁሉ ጠፋኝና «ጨርቃችሁን እንኳን መያዝ አቃታችሁ» አልኩት ፍሬንን። እሱም ማን እንደሆንኩ ያውቃል ኖሯል። «እሱ የእርስዎ ነው እህቴ» አለኝ። «የሟች ቤተሰብ ቦታ ነው። መጥተው ቢቆሙበት ይቁሙበት፤ ባይመጡም ሌላ ሰው አናቆምበትም።» ልጄን ገድላችሁ ቦታ ሰጣችሁኝ አልኩት። እግሩ ሥር ተፋሁ። ሰውየው ጫማውን እንኳ አላየም። «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ሳይዘንብብዎት ቤትዎ ይግቡ» አለኝ።

ዝናቡም መጣ። ቤቴ ገብቼ ያ የሚጎተት ጨርቅ አላስቀምጥ አለኝ። ጭቃ ነክቶት ይሆናል እላለሁ። ታውቂኛለሽ፤ ጠርዙ የሚጎተት ነገር ማየት አልችልም። ሳቂብኝ፤ ግን ለራሴ የነገርኩት ይህንኑ ነው። በሚቀጥለው ዓርብ ሄድኩና ጫፉን ከመሬት አነሣሁት። ከዚያ ወዲያ አልጣልኩትም።

ቀላል አልነበረም። የፍርድ ቤቱ ዘበኛ ቀልደኛ ነው፤ «ዛሬም መጣችሁ? ግድግዳው እንኳ ሰለቸው፣ ቦታ ቀይሩለት» ይለናል። ፍሬን ደግሞ «አንተም ደመወዝህን የምትበላው ይኸው ግድግዳ ስላለ ነው፣ አክብረው» ይለዋል። እንዲህ እየተባለ ቀኑ ያልፋል። ሌላው ግን ቀልድ አልነበረም። አንዷ መንገደኛ ጠጋ ብላ «ምን አቅምሰውሽ ነው አንቺ ሴትዮ?» አለችኝ። ከወንድምሽ ጋር ይሠራ የነበረው በያጅ በብስክሌት ሲያልፍ ቆመና «የልጅሽን አጥንት እየረገጥሽ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው ወይ እያልኩ ጨርቁን ይዤ ቆምኩ።

ይህንን ነው አንቺም የሰማሽው። ደወልሽ። «የወንድሜን ደም አደባባይ አውጥተሽ ትለምኚበታለሽ አሉኝ» አልሽኝ። «ለእሱ ከለመንሽ እናት የለኝም» አልሽኝ። አልተቀየምኩሽም። ልክ ነሽ አልልም፣ ተሳስተሻልም አልልም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የወንድምሽን ፎቶ ፊት ለፊት ማየት ትቻለሁ። አቧራውን ስጠርግለት እንኳ ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነው። የትኛውን ልጄን እንደበደልኩ ማወቅ አቃተኝ።

ከሎጋው እናት ጋር ብዙ ወራት ሳንነጋገር ነው የቆምነው። በብርዱ ጊዜ አንድ ዓርብ ሰልፉ ሲበተን ወደ እኔ መጣች። ከቦርሳዋ ውስጥ ያንን አረንጓዴ ሹራብ አወጣች። «እፍረቴን ውጬ ነው የመጣሁት» አለችኝ። ክርኑ ተቀዷል። «እዚያ ውስጥ ብርዱ አይጣል ነው። አዲስ ልግዛልህ ብለው እምቢ አለኝ። ይህቺኑ አስጠግኚልኝ እንጂ ሌላ አልለብስም አለኝ። እኔ መርፌ አልችልም፤ ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ ብወስደው ደግሞ የማን ነው ይሉኛል» አለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

ተቀብያት ሄድኩ። ልጄን የመታ ክንድ የሚገባበትን እጅጌ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ጠገንኩት። አንድ ክርን ለመጠገን ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀብኝ። ለምን እንደፈጀብኝ ኋላ እጽፍልሻለሁ።

ከዚያ በኋላ ጠበቃዋ ቤቷ ጠራችኝ። በአንቺ ዕድሜ ያለች ልጅ ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀትና የልጅ ጡጦ ተደባልቋል። ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የሞት ፍርድ የተፈረደበት አድብቶ ነው ስለተባለ ነው። ከብየዳ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው፣ በብረት መታው፣ በቃ። «ግን ለምን ጠበቀው?» አለችኝ። «በምን ተጣሉ? ሲያዝ የእሱም ግንባር ተፈንክቶ ነበር፤ ወድቄ ነው አለ፣ ማንም አልጠየቀውም። ሊያናግረው ጠብቆት በንግግር መሀል ተጣልተው ቢሆንስ? ብረቱን ቀድሞ ያነሣው ሟች ቢሆንስ? የጠባቸውን ምክንያት የሚያውቅ አንድ ሰው ቢመሰክር ጉዳዩ እንደገና ይታያል፣ ሞቱ ይቀርለታል። እሱ ግን አፉን አይከፍትም። ስለምነው የሰው ስም አላነሣም ብቻ ነው የሚለኝ።»

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እናቴ፣ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።

«እንግዲህ የቀረን የይቅርታ ቦርዱ ነው» አለች። የሟች እናት ራሷ ቀርባ ብትናገር ልባቸው ይራራል ተባለ። ፍሬን ሲያለማምደኝ ሰነበተ። ወንበር ላይ ይቀመጥና ሰብሳቢ ይሆናል፤ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ዝቅ አድርጎ «ይቅር ብለውታል?» ይለኛል። «ይቅር ብያለሁ ይበሉ፣ ሌላ አይጨምሩ። ነገር ሲበዛ መኪና ይገለበጣል» ይለኛል። እኔም እሺ እላለሁ።

ቀኑ ደረሰ። ክፍሉ ትልቅ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ የጠረጴዛው ልብስ ጠርዙ በአንድ በኩል ተተርትሯል። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። ሰብሳቢው ትሑት ሰው ናቸው። ከመቀመጫቸው ተነሡልኝ፣ ውሃ ቀዱልኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ከዚያ «እማማ፣ በዚህ ሰው ላይ ስለተሰጠው ፍርድ እንዲናገሩ ነው የጠራንዎት። ይቅር ብለውታል?» አሉኝ።

«አላልኩም» አልኩ።

ልጄ፣ የወንድምሽ ፎቶ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ፎቶው ባለበት ክፍል ውስጥ ይቅር ብያለሁ ብዬ መዋሸት አልቻልኩም። አላልኩማ። ዛሬም ገና ነኝ። ግን በዚያ ላበቃ አልነበረም። የሚቀጥለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። «ይቅር አላልኩም፤ ግን አትግደሉት። አንድ ቀን ይቅር ማለት ብችል የምለው ሰው በሕይወት ይቆየኝ» ልል ነበር። ቃሉን እንደ ቁልፍ እጄ ላይ ይዤው ነበር። ሰብሳቢው ግን እጃቸውን አነሡና «ይበቃል እማማ፣ አይቸገሩ፣ ተረድተንዎታል» አሉኝ። ያዘኑልኝ መስሏቸው ነው። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ይበቃል ሲለኝ ዝም ማለት ነው የማውቀው። አባቴም ይበቃል ሲለኝ፣ አባትሽም ይበቃል ሲለኝ፣ ዝም ብዬ ነው የኖርኩት። ተነሣሁ። አመሰግናለሁ አልኩ። አመሰግናለሁ ብዬ፣ በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ የሎጋው እናት ቆማለች። «ምን አሉሽ?» አለችኝ። «በደንብ አስተናገዱኝ» አልኳት። ሳመችኝ። ጉንጬን ሳመችኝ።

የሚቀጥለውን ዓርብ ጨርቁን ይዤ ቆምኩ፤ ከዚያም ያለውን። ፍሬን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። «የእኔ ጥፋት ነው፤ ውሸት ሳይሆን የራስዎን ቃል ላለማምድዎ ይገባ ነበር» አለኝ። እሱ እንኳ ከእኔ ላይ ሊያነሣልኝ ፈለገ። እኔ ግን ለእናቱ አልነገርኳትም። ጨርቁ መሀል ላይ ቆማ ወደ እኔ እያየች ፈገግ ትላለች። ማክሰኞ ጠዋት ፌስታሏን ይዛ በሬ ላይ የቆመችው ይህን ሳታውቅ ነው።

አሁን ያስቀረሁትን ልጻፍ።

ማክሰኞ ዕለት ልትሄድ ስትነሣ ፌስታሉን ከፈተችው። ከላይ ሹራቡ አለ። «መጨረሻ ያየሁት ቀን አንድ ነገር አደራ ብሎኛል» አለችኝ። «እኔ ከሌለሁ ሹራቡን ለሠራችው መልሺላት አለኝ። ማናት ስለው ዝም አለኝ። ክርኑን የጠገንሽው አንቺ ነሽ። አንቺን ማለቱ ነው አይደል?» ዓይኗ ውስጥ ሌላ ጥያቄ ይኑር አይኑር ለማየት አልደፈርኩም።

«አዎ፣ እኔን ነው» አልኳት።

ሰጠችኝ። አጣጥፋ፣ በመዳፏ ዳብሳ፣ ሰጠችኝ።

ልጄ፣ ሹራብ ሳስተምርሽ ትዝ ይልሻል? የእጅጌውን መጨረሻ መቋጨት አልችልም ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝና እንደ ልብስ ነው የማደርገው፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ሁለት ጊዜ አጥፌ በተረፈው ክር እንደ ሱሪ እግር እዘመዝመዋለሁ። ሹራብ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም። ሱፍ የምትሸጥልን ሴትዮ አይታው «ይሄ ሹራብ ነው ወይስ ሱሪ?» ብላ ሦስታችንም የሳቅነውን አስታውሺ። አንቺም ያንኑ ስህተት ወረስሽ። ትክክለኛውን ተማሪ ብልሽ «ያንቺው ይሞቃል» አልሽኝ። እንዲህ የሚቋጭ ሦስተኛ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ የዚህ ሹራብ እጅጌም እንዲሁ ነው የተቋጨው።

እኔ ለሎጋው ሹራብ ሠርቼ አላውቅም።

አረንጓዴውን ሱፍ ግን አውቀዋለሁ። መስኮቱ ሥር ተቀምጠሽ ስትሠሪው ለማን ነው ብዬሽ ለሽያጭ ነው ብለሽኛል። ወንድምሽ እጅጌውን አንሥቶ ለክቶ «ይሄ ለሰው ነው ወይስ ለቀጭኔ?» እያለ ይስቅብሽ ነበር። ብዙ ሳቀ። አንድ ቀን ግን ከሥራ ገብቶ መሳቁን ተወ። ከአንቺም ጋር ከሎጋውም ጋር መነጋገር ተወ። ሥራ ቦታ ተጋጭተው ይሆናል ብዬ አለፍኩት፤ ሹራቡን ማን ለብሶት እንዳየ የገባኝ ኋላ ነው። እናት ነኝ፤ ልጠይቅ ይገባኝ ነበር። ራት አቅርቤ ዝም አልኩ።

ያን ክርን ስጠግን ውዬ ያመሸሁት ለዚህ ነው። መርፌው ክርኑ ላይ ነበር፣ ዓይኔ እጅጌው ጫፍ ላይ። ጠበቃዋ የሚያውቁት ነገር አለ ወይ ስትለኝ አውቅ ነበር። ባወራ ስምሽ በፍርድ ቤት ይጠራል፤ በየደጁ «በእሷ ምክንያት ነው» ይባላል። ብረቱን ቀድሞ ያነሣው ወንድምሽ ነው ይባልና ከሞተም በኋላ ይከሰሳል። ሁለት ልጆች ነው የወለድኩት፤ ሁለቱንም በቀሚሴ ሸፈንኳቸው። የሌላ ሰው ልጅ ብርዱ ላይ ቀረ። ቦርዱ ፊት አንዲት ውሸት ዋሽቼ ላድነው ስችል እውነተኛ ሆንኩ። ጠበቃዋ ፊት አንዲት እውነት ተናግሬ ላድነው ስችል ዋሸሁ። ከዚያ ደግሞ በየሳምንቱ ሄጄ ጨርቅ ያዝኩ። እዩኝ ብዬ፣ አደባባይ ላይ።

አንቺን ምንም አልጠይቅሽም። ልትነግሪኝ ከወደድሽ በሩ አይቆለፍም፤ ካልወደድሽም ነይና ዝም ብለን እንቀመጥ። እጅሽ ለምን በረዶ እንደነበረ አሁን ገብቶኛል። በስልክ ያልሽኝም ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ያ ቃል አፌን ዘግቶኝ ይሆን ብለሽ እንዳትጨነቂ። አልዘጋኝም። ሎጋው ዝም ያለው ወዶ ነው፤ አንቺ ዝም ያልሽው ፈርተሽ ይሆናል። እኔ ዝም ያልኩት አውቄ ነው። ሸክሙ የእኔ ነውና አንቺ ከጫፉም አትያዢ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። እናቱ ልጇ ለምን አፉን እንደዘጋ አታውቅም። ክፉ ስለሆነ ነው፣ የሚናገረው መልካም ነገር ስላልነበረው ነው ብላ ትሞታለች። ቦርዱ ፊት ያልኩትን በሚመጣው ዓርብ እነግራታለሁ፤ እሱ የእኔ ነው። ይሄኛው ግን ያንቺም ነው፤ ሳትፈቅጂልኝ አልነግራትም። ፍቀጂልኝ።

ሰልፉ አልተበተነም። ከማክሰኞ በኋላ ባለው ዓርብ ከእንግዲህ ማን ይመጣል ብዬ ሄድኩ፤ ሁሉም መጥተዋል። እስር ቤት ውስጥ ፍርዱን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ አሉ፤ ማን እንደሆነ፣ ማንን እንደገደለ አላውቅም። ዘበኛው ያን ቀን አልቀለደም፤ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ፍሬን ጨርቁን ሲዘረጋ የያዘውን ጫፍ ለቀቀና ወደ መሀል ገባ። ለሎጋው እናት «እንግዲህ አንቺም የሟች ቤተሰብ ነሽ፤ ቦታሽን ያዢ» አላት። ያዘች። በዚህኛው ጫፍ እኔ፣ በዚያኛው እሷ። ነፋስ ነበር፤ እሷ ስትስበው እጄ ላይ ይሰማኛል።

ሹራቡን በለብታ ውሃ አጥቤ ጥላ ውስጥ አድርቄዋለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። አደራ ነው፤ የተላከው ለእኔ አልነበረም። ክርኑ ላይ ያለችው ጥገና ብቻ የእኔ ናት፤ እሷን ካልወደድሻት ፍቺያት።

ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። እጅሽን ያሙቅልሽ። እንቅልፍ ይስጥሽ፤ ለእኔ የነፈገኝን ጨምሮ ይስጥሽ። የምትወልጂያቸው ልጆች እናታቸውን የሚፈሩ ሳይሆን የሚነግሩ ይሁኑልሽ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ስትጸልዪ የወንድምሽን ስም ብቻ ጠርተሽ አታቁሚ። የሌላውንም ጥሪ፤ ማንም አይሰማሽም። ይህ ወረቀት መንገድ ስቶ ሌላ ሰው እጅ ገብቶ የሚያነበው ካለም እሱንም እለምነዋለሁ። ስማቸውን ባታውቀው ግድ የለም። አንድ ብየዳ ቤት የሚሠሩ፣ አንዱ ረጅም አንዱ ሳቂታ፣ ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ ብለህ፣ ለየብቻ ሳትለያቸው፣ ለሁለቱም ነፍስ ይማር በልልኝ።

እናትሽ